በቀረችው ዐይን

«አባባ፣ አይጨፍኑ። አንዲት ጠብታ ናት የቀረችው» አለ ሶፋ ሠሪው፣ በአንድ እጁ የአባቱን አገጭ ቀና አድርጎ በሌላው ብልቃጡን ይዞ። ጠብታዋ ዐይናቸውን ስታ በጉንጫቸው ወረደች። ቸኩሏል። እሑድ ጠዋት ነው፤ የጸሎት ኅብረቱን የሚመራው እሱ ነው፤ ሸሚዙ ደግሞ ገና አልተተኮሰም።

ሽማግሌው ጉንጫቸውን በመዳፋቸው ጠርገው እንደገና ቀና አሉ። የቀኝ ዐይናቸው ካቆመ ዓመት አልፎታል። የግራዋንም ሐኪሙ ማክሰኞ ዕለት አይቶ፣ ጠብታው ጨለማውን ያዘገየው ይሆናል እንጂ አያስቀረውም፤ አንድ ወር፣ ቢበዛ ሁለት ብሏቸዋል። ከዚያ ቀን ጀምሮ የሚጠይቁት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ትልቁን ልጃቸውን ማየት። ድምፁንማ በስልክ ይሰሙታል። የናፈቃቸው ፊቱ ነው።

ትልቁ ልጅ ከከተማው ማዶ ጎማ ይጠግናል፤ ሰው ሁሉ ጎሚስታው ይለዋል። እዚህ ቤት ግን አራት ዓመት ሙሉ ድርሽ አላለም። ጥፋቱ የማን እንደሆነ ሶፋ ሠሪው ያውቃል። ወንድሙ ስንት ጊዜ ተለምኖ፣ አንድ እሑድ እሺ ብሎ ወደ ኅብረቱ መጥቶ ከኋላ ተቀመጠ። ሶፋ ሠሪውም በደስታ የሚሆነውን አጣና በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ተነሥቶ፣ «ጌታ ሆይ፣ በመጠጥ የታሰረውን ይህን ወንድሜን ፍታልኝ» ብሎ ጸለየ። ሰዉ አሜን አለ። ዐይኑን ሲገልጥ የኋላው ወንበር ባዶ ነበር። በአፍ ይጠፉ በለፈለፉ የሚባለው ለካ በጸሎትም ይሠራል።

ከዚያ ወዲህ ስለ ወንድሙ ያልጸለየበት ሳምንት የለም። ያለቅሳልም፤ እንባው የውሸት አይደለም። ድሮ በአባታቸው የሶፋ ሱቅ ሁለቱ አብረው ነበር የሚሠሩት። ዛሬም ጨርቅ ሲወጥር ሁለተኛ እጅ በፈለገ ቁጥር «ያዝልኝ» ሊል አፉን ይከፍትና መልሶ ይዘጋዋል። ናፍቆታል። ብቻ ሄዶ አጥፍቻለሁ አላለውም። አባቱ ውሰደኝ ሲሉት ማክሰኞ እሺ አለ፤ ሐሙስም እሺ አለ።

አሁን ሸሚዙን እየተኮሰ የዛሬውን ትምህርት ለራሱ ያነበንባል። ሽማግሌው ስለ ምን እንደሚናገር ጠየቁት።

«ስለ ዕርቅ ነው፣ አባባ።»

ሽማግሌው ፈገግ አሉ፤ ክፋት አልነበረበትም።

«ጎበዝ። አፍህስ ይናገራል፣ ይባረክ። እኔ ግን ልጄ፣ ስብከት መስማቱ አይቸግረኝም፤ ጆሮዬ ደህና ነው። የሚያልቅብኝ ዐይኔ ነው።»

ምላሱ ጤፍ ይቆላል የሚባልለት ሰው ካውያውን ነቀለ፤ ሸሚዙን ለበሰ፤ ከዚያ ጎንበስ ብሎ የአባቱን ጫማ ማሰር ጀመረ። ወዴት እንደሚሄዱ ሲጠይቁት «ወንድሜ ጋ» ብቻ አለ። እውነቱን ለመናገር፣ ቶሎ ደርሶ ኅብረቱ ሳይጀመር ለመመለስ በልቡ አስልቶ ነበር።

አውቶቡስ ውስጥ አባቱን መስኮት አጠገብ አስቀምጦ ይቅርታውን አዘጋጀ። መግቢያ፣ ሦስት ነጥብና መደምደሚያ ነበረው። ልማድ ምን ይደረግ።

ጎሚስታው ከደጁ ቁጢጥ ብሎ የተነፋ ጎማ ውኃ ውስጥ እየነከረ ቀዳዳውን ይፈልጋል። ቀና ሲል አባቱን አየ። ጎማውን ለቀቀና እጁን በሱሪው እየጠረገ ተነሣ። ሽማግሌው ፊቱን በሁለት እጃቸው ይዘው፣ የግራ ዐይናቸውን አስጠግተው፣ ግንባሩን፣ ቅንድቡን፣ አፉን ተራ በተራ አዩ። ምንም አልቸኮሉም።

«ሸበትክ እኮ፣ ልጄ» አሉ በመጨረሻ።

ጎሚስታው ሊስቅ ሞከረና አልሆነለትም። ሶፋ ሠሪው ጉሮሮውን ጠረገ። መግቢያውም ነጥቦቹም ብን ብለው ጠፍተዋል።

«ጋሼ፣ ያን ቀን በሰው ፊት አዋረድኩህ። አጥፍቻለሁ።»

ወንድሙ ጎማውን ከውኃው አውጥቶ ከግድግዳው አስደገፈው።

«አባባ እኔ ጋ ይውላሉ» አለ። «አሥር ሰዓት ላይ መጥተህ ትወስዳቸዋለህ።»

አባቱን ክንዳቸውን ይዞ ከሱቁ ጀርባ ወዳለችው ክፍል አስገባቸው። በሩን አልዘጋውም፤ ግባም አላለውም።

ሶፋ ሠሪው እዚያው ቆሞ ቀረ። ስልኩ ጠራ፤ የኅብረቱ ጸሐፊ ናት። ሰው ተሰብስቧል፣ መዝሙር ተጀምሯል፣ እየጠበቁት ነው። አውቶቡሱ ከመንገዱ ማዶ ቆሞ ሰው እየጫነ ነበር፤ አሁን ቢሳፈር ይደርሳል። ከውስጥ የወንድሙ ሳቅ ተሰማ፤ ሽማግሌው አንድ ነገር ብለውት ይሆናል። ሳቁ ያው ነው፤ ከሆዱ ተነሥቶ በአፍንጫው የሚወጣው። አራት ዓመት ሙሉ ይህን ሳቅ ሰምቶ አያውቅም።

«ዛሬ ሌላ ሰው ይምራ» አላት።

«ምነው፣ አሞዎት ነው?»

«ደህና ነኝ። ወንድሜ ደጅ ነኝ።»

ስልኩን አጠፋው። ከበሩ ፊት ለፊት ወዳለ አሮጌ ጎማ ሄዶ ተቀመጠ፤ ወይ ግባ እስኪሉት፣ ወይ እስከ አሥር ሰዓት።