የነፍስ አባት የፈቀዱት አሳማ

ተመራማሪዋ ምሥራቅ፣ እንጅባራ በሚገኘው ቤተ ሙከራ፣ ከአሳማ ደም ሥር የወሰደቻቸው ሕዋሳት እንደ ሌሎቹ ጥቂት ተራብተው አላረጁም። ባዕድ ዘረመል ስላስገባችባቸው፣ ይኸው ስምንት ወራቸው፣ ዛሬም ይራባሉ። ዓርብ ጠዋት ግን ከሰው ደም ተጣርቶ የወጣ ፈሳሽ ብታፈስባቸው በግማሽ ሰዓት አለቁ። የሰው ደም የአሳማን አካል ለምን እንደሚያጠፋ የምታጠናው በእነሱ ነው። ውጤቱን መዝግባ ቤተሰቧ ወደሚኖርባት ወደ ግምጃ ቤት ከተማ ሄደች።

እናቷ ካሳነሽ ከደጅ ተቀበለቻት። «የምሥራች! የነፍስ አባታችን ፈቀዱ!»

«ምኑን?»

«አሳማውን ነዋ! ለመብል አይደለ፣ ነፍስ ለማትረፍ ነው አሉ። ስግደት ጨመሩብኝ እንጂ ፈቀዱ።»

ታናሽ ወንድሟ ይሄይስ መደቡ ላይ ጋደም ብሏል። በሳምንት ሁለቴ ባሕር ዳር ለኩላሊት እጥበት ይመላለሳል፤ እግሩ አብጧል። «የጎረቤት ድንች መቆፈር ከጀመርኩ እሰሩኝ» አለና ሳቀ።

ባለፈው ፋሲካ ምሥራቅ ስለ ሥራዋ ስትጠየቅ፣ «አንድ ቀን የአሳማ ኩላሊት ለሰው ይሆን ይሆናል» ብላ ነበር። የእናቷ ፊት ሲበራ አየች። ያንን ብርሃን ለማጥፋት ግን አፏ አልታዘዘላትም።

«ወንድሜን ስማቸውንም አሳረፍኩት» አለች ካሳነሽ። «ስማቸው ስድስት ልጅ ያሳድጋል፣ ለምን ጎኑ ይቀደድ? የማክሰኞው ምርመራ ይቅር፣ ለይሄይስ እህቱ ደርሳለታለች አልኩት። እንደ ሕፃን አለቀሰ። ለካ ፈርቶ ኖሯል።»

ከዘመድ ሁሉ ለይሄይስ የገጠመው የአጎቷ የስማቸው ኩላሊት ብቻ ነበር።

«እማ፣ አልደረስኩም።»

«ምን ማለትሽ ነው?»

«ዛሬ የአሳማው ሕዋሳት የሰው ደም ሲነካቸው ሞቱ። ገና ብዙ ዓመት ይቀረዋል። ለይሄይስ አይደርስም።»

ይሄይስ እግሩን በጋቢው ሸፈነ።

«ታዲያ አባ ለምን ፈቀዱ?» አለች እናቷ። ቀጥላም፣ በቀስታ፣ «ያኔ ለምን አልነገርሽኝም?»

ካሳነሽ ስልኳን ዘረጋችላት። «እኔ በየትኛው አፌ? አንቺው ደውይ።»

አጎቷ ስማቸው ጫግኒ ሆኖ አነሳው። «እንዴት ነሽ፣ የአሳማዎቹ እመቤት!» ከኋላው ልጆቹ ይንጫጫሉ።

ነገረችው። ሳቁ ቆመ።

«ቆይ፣ ልውጣ» አለ። በር ሲዘጋ ሰማች። «ምሥራቅ፣ አትሸንግይኝ። እኔ ባልመጣስ?»

እናቷ ዐይን ዐይኗን ታያታለች።

«ሌላ ሰው የለንም፣ አጎቴ» አለችው።