በአንድ ጣት የተሸነፈው ኮት

ሰፈሩ «ሚሊሜትር» ይላታል። ስሙን ያወጣችላት ከሱቋ አጠገብ ክርና ዚፕ የምትሸጠው ባለክሯ ናት። አንድ ቀን ያለቀለትን እጅጌ ፈትታ እንደገና ስትሰፋ አየቻትና «ኧረ አንቺ ሴትዮ፣ ለአንድ ሚሊሜትር ብለሽ ልትሞቺ ነው!» አለቻት፤ ስሙም በዚያው ተጣብቆ ቀረ። እሷም አልከፋትም። ሠላሳ ዓመት ሙሉ የወንድ ኮት ስትሰፋ ጠበበኝ ወይም ሰፋኝ ብሎ የተመለሰባት ሰው የለም።

አንድ አመል ግን ነበረባት። ደንበኛ ልብሱን ሊሞክር ሲመጣ መስታወቱ ፊት ታቆመውና፣ አንዴ ከፊት አንዴ ከኋላ አየት አድርጋ፣ «ግራ ትከሻህ ከፍ ይላል» ትለዋለች። ሰውየው ይደነግጣል። እናቱ እንኳን እስከዛሬ ያላየችበትን ጉድ ልብስ ሰፊ ስትነግረው ምን ይበል? እሷ ስፌቱን ፈትታ ታስተካክላለች፣ ኮቱ ልክክ ይላል፣ ሰውየውም አመስግኖ፣ ትከሻውን በስርቆሽ እየዳበሰ ይሄዳል። ሹፌሩም፣ አስተማሪውም፣ ሙሽራውም ግራ ትከሻቸው ከፍ ያለ ነበር። የከተማው ወንድ ሁሉ እንደዚያ ነው ብላ ታምን ነበር፤ ደግሞስ ማን ደፍሮ ይከራከራት!

ሙያውን ያስተማሯት አባቷ ናቸው። የልብስ ሰፊዎች ማኅበር በየአምስት ዓመቱ ውድድር ማዘጋጀት ሲጀምር፣ እሳቸው ከመስታወቱ በላይ አንድ ምስማር መትተው «ይሄ የምስክር ወረቀትሽ ቦታ ነው» ብለዋት ነበር። ልትመዘገብ ባለችበት ሰሞን ግን የአባቷ እጅ መንቀጥቀጥ ጀመረ። መጀመሪያ መርፌ ላይ ክር ማስገባት አቃታቸው። ቀጥሎ የደንበኛ ጨርቅ መሃል ለመሃል ቀደዱ። መቀሱን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠው ወጡና ተመልሰው አልያዙትም። የእሳቸውን ደንበኞች ደርባ ስትይዝ ውድድሩ አለፋት። ምስማሩ ላይ ሜትሯን መስቀል ጀመረች።

ዘንድሮ አርባ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ሃምሳ የሞላው ሰው አይወዳደርም። ስለዚህ ይሄ የመጀመሪያዋም የመጨረሻዋም ነበር፤ አባቷም ቢሆኑ ሌላ አምስት ዓመት የሚጠብቁ አይመስሉም። ጠዋት ስትወጣ በሚንቀጠቀጠው እጃቸው ጉንጯን ይዘው «አይዞሽ፣ እጅሽን እመኚው» አሏት።

አመነችው። በማኅበሩ አዳራሽ አሥራ ሁለት ጠረጴዛ፣ አሥራ ሁለት ሰፊ፣ ለሁሉም አንድ ዓይነት ግራጫ ጨርቅና ልኬቱ የተጻፈበት ወረቀት። ልብሱን ሰው ላይ መሞከር አይፈቀድም፤ ከወረቀቱ ተቆርጦ፣ ተሰፍቶ፣ አመሻሽ ላይ መድረኩ ላይ ላለው የእንጨት አሻንጉሊት ይለበሳል። ሚሊሜትር ጠመኔዋን አንስታ ያለ አንዳች ማመንታት አሰመረች። የቁልፍ ቀዳዳውን በእጇ ሠራች። ገበሩ ሲያዩት ውኃ ይመስል ነበር። አጠገቧ የነበረው ሰፊ ሥራውን አቁሞ አያት፤ እሷም ማየቱን አየች፤ ደስም አላት።

ዳኛው ኮቷን ለአሻንጉሊቱ ሲያለብሰው ግን ግራው በኩል ተጨማደደ። ኮሌታው ካንገት ሸሸ፣ የታችኛው ጫፍ ወደ ላይ ተሰበሰበ። ዳኛው ማስመሪያውን አጋደመና «ግራ ትከሻው በአንድ ጣት ዝቅ ብሎ ተቆርጧል» አለ።

እሷ ክው አለች። ከዚያ ከአፏ ምን ወጣ መሰላችሁ? «አሻንጉሊቱ ግራ ትከሻው ከፍ ይላል!»

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ዳኛው ጨዋ ሰው ነበርና አልሳቀም፤ የሌላ ተወዳዳሪ ኮት አንስቶ እዚያው አሻንጉሊት ላይ አለበሰው። ቀጥ አለ። ሌላም አለበሰ። እሱም ቀጥ አለ። ከአሥራ ሁለቱ አሥራ አንደኛ ወጣች፤ አሥራ ሁለተኛው ጣቱን ቆርጦ ሐኪም ቤት የሄደው ነው።

ኮቱን በጋዜጣ ጠቅልላ ስትገባ አባቷ በር ላይ ወንበር አስወጥተው ይጠብቁ ነበር።

«ወጣ?» አሏት።

«ውጤቱ ገና ነው አባዬ።»

ኮቱን ቁም ሳጥን ውስጥ፣ ከብርድ ልብሶቹ ጀርባ ወሸቀችው። በማግስቱም «ወጣ?» አሉ፤ «ገና ነው» አለች። ይሄ አንድ ወር ከሳምንት ዘለቀ። ውሸቱ እየከበደ ሲሄድ እውነቱ ደግሞ ይብስ ከበደ። ሱቅ ውስጥም እጅ እግሯ ተሳሰረ። ጨርቁን ትዘረጋለች፣ ጠመኔውን ታነሳለች፣ ግራው ትከሻ ጋ ስትደርስ እጇ ይቆማል። የካዳት እጅሽን እመኚው ተብላ ያመነችው እጅ ነው። ለምን እንደሳተች ብታውቅ ታርመው ነበር፤ አታውቅም። ሰው ምክንያቱን በማያውቀው ጥፋት ምን ያደርጋል? ተቀምጣ ጠመኔውን በጣቶቿ ታደቅቀዋለች።

«ወይ ንገሪያቸው፣ ወይ እኔ ልንገራቸው» አለቻት ሽንፈቱን ሰምታ የነበረችው ባለክሯ።

«ምን ብዬ?»

«ተሸነፍኩ በያ! ሰው ተሸንፎ አያውቅም እንዴ? እኔ በሎተሪ ብቻ ስንቴ ተሸንፌያለሁ።»

ሚሊሜትር ሳቅ አልመጣላትም።

አባቷ ለእጃቸው ሐኪም ቤት የሚቀርቡበት ቀን ደረሰ። ሲነጋ ዝናብ ያወርደዋል። ያላቸው አንድ ኮት ትናንት ታጥቦ ገና ውኃ ያንጠባጥባል። ሹራብ አለበሰቻቸው፤ ይንቀጠቀጣሉ፤ ከሕመሙ ይሁን ከብርዱ መለየት አልቻለችም። መላ ጠፋት። በመጨረሻ ቁም ሳጥኑን ከፍታ፣ ከብርድ ልብሶቹ ጀርባ ያንን ጋዜጣ አወጣች። «የደንበኛ ነው፣ ለዛሬ ብቻ» አለችና አንድ እጅጌ፣ ቀጥሎ ሌላውን አጠለቀችላቸው። ቁልፉን ቆለፈችና ወደ ኋላ አንድ እርምጃ ሸሸች።

ኮቱ ቀጥ ብሎ ወረደ። አንድም የተጨማደደ ቦታ የለበትም። ኮሌታው አንገታቸውን አቅፎ ተቀምጧል፤ ጫፉ ግራና ቀኝ እኩል ነው።

አባቷ በቀኝ እጃቸው የግራውን ትከሻ ስፌት ዳበሱ። ጣቶቻቸው እየተንቀጠቀጡ ከኮሌታው እስከ እጅጌው ሄደው ተመለሱ።

«ማንን ለክተሽ ነው የቆረጥሽው?»

«ማንንም አልለካሁ። ከወረቀት ነው።»

«ወረቀት የኔን ትከሻ ከየት አወቀው?» አሉ። «በልጅነቴ የጨርቅ ጣቃ ስሸከም የወረደ ትከሻ ነው። ሰው እንዳያውቅብኝ ሁልጊዜ ከኮቴ ስር ስፖንጅ እደርብበት ነበር፤ አንቺ ስትለማመጂ ግን አውጥቼ እቆምልሽ ነበር። እንዳለሁ እንድትሰፊኝ ብዬ።»

ያኔ ገባት። ከአሥራ ሁለት ዓመቷ እስከ ሃያ ዓመቷ በቁርጥራጭ ጨርቅ የቆረጠችው ኮት ሁሉ የተለበሰው በእሳቸው ላይ ነው። እጇ ወንድ ማለት አባቷ ነው ብሎ ተምሮ በዚያው ቀርቷል። ሹፌሩ፣ አስተማሪው፣ ያ ምስኪን ሙሽራ፣ ያ እንጨት፣ አንዳቸውም ትከሻቸው ከፍ ብሎ አያውቅም። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሰውን በከንቱ ስታሳቅቅ ኖራለች! ሳቅ ሊያመልጣት ሲል እንባ ቀደመው።

«ተሸነፍኩ አባዬ» አለች። «በዚህ ኮት ነው። አንድ ወር አልፎታል።»

ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል።

«ታዲያ ያሸነፈሽ የኔ ትከሻ ነዋ» አሉ፣ እንደ ቀልድ ጀምረው። ቀልዱ ግን መሃል ላይ ከዳቸው። «ይቅር በዪኝ ልጄ።»

ከሽንፈቱም ከሳቁም ይልቅ ይሄ አንጀቷን በላው። የወረደ ትከሻ ይቅርታ አይጠየቅበትም፤ የለመደ እጅም አይወቀስም። የሚፈታ ስፌት ቢሆን ፈትታ በሰፋችው። ቁጭ ብላ ጫማቸውን አሰረችላቸው።

ሐኪም ቤት ውስጥ ሐኪሟ እጃቸውን ዘርግታ አየች፣ ጣታቸውን አፍንጫቸው ላይ እንዲያደርሱ አዘዘቻቸው፤ አላደረሱም። መድኃኒቱ እንዳይባባስ ያግዛል እንጂ ድሮ ወደነበረበት አይመልሰውም አለች፣ በለዘበ ቃል። ሚሊሜትር ራሷን ነቀነቀች።

መድኃኒት የሚጠብቀው ሰው ብዙ ነው። ረጅሙ አግዳሚ ላይ ተቀመጡ። አጠገባቸው ያለው ሽማግሌ ኮቱን ላይ ታች ሲያየው ቆየና፣ «እባክዎን፣ ይሄን የሰፋው ማነው?» ብሎ ጠየቃቸው።

አባቷ ቀና አሉ። «ልጄ ናት!» ድምፃቸው ከነበሩበት አግዳሚ አልፎ ካርድ ክፍሉ ድረስ ተሰማ። «በዚህ ኮት ተወዳድራ ተሸንፋለች!»

ሰው ሁሉ ዞረ። ሚሊሜትር ፊቷ ጋለ፤ መሬቱ ተከፍቶ እንዲውጣት ጠበቀች። ወር ሙሉ የሸሸችው ቃል ይኸው በአደባባይ ተነገረ፤ መሬቱ ግን አልተከፈተም። የመድኃኒቱ መስኮት ላይ ያለችው ልጅ የሚቀጥለውን ተራ ጠራች። አንዲት ሴት የሚያስለውን ልጇን ጀርባ ትመታለች።

«ምኑ ላይ ነው የተሸነፈችው?» አለ ሽማግሌው ግራ ገብቶት። «እኔ እንከን አላየሁበትም።»

«ግራ ትከሻው ላይ» አሉ አባቷ፣ ትከሻቸውን እያሳዩት፣ በኩራት።

ሚሊሜትር በልማዷ ኮሌታውን ልታስተካክልላቸው እጇን ዘረጋች። የሚስተካከል ነገር አልነበረውም። እጇን እዚያው የወረደው ትከሻ ላይ አሳርፋ ተራቸውን ጠበቀች።