ጨረቃዬ ራቂ

«እትዬ ጥሩወርቅ፣ ለመሆኑ እሸቴ ላባቱ ለቅሶ አይደርስም?» አለ ሞላ።

ከጧት ጀምሮ ይህንኑ ይጠይቃል። የመሪጌታ ጌጡ ሣልስት ነው። ሞላ ለጣሊያኖቹ ካደረ ወዲህ ደብረ ታቦር ውስጥ ለቅሶ አያመልጠውም፤ ንፍሮውን እንደ ሐዘንተኛ ይዘግናል፣ የዳሱን በር እንደ ዘበኛ ይጠብቃል። ከደጅ ጠመንጃ የያዙ ባልደረቦቹ ቆመዋል።

«ጉና ሩቅ ነው ልጄ። መርዶውም የደረሰው አይመስለኝ» አለችው።

ዋሸች። የባሏ እኅት የሺ ማለዳ ጆሮዋ ሥር ሹክ ብላታለች። «እሸቴ ጋፋት ወርዷል አሉ። ከጉና ለቀስተኞች ጋር ተደባልቆ ይገባል።»

«ወይኔ ልጄን! ምነው የሚከለክለው ሰው ጠፋ?»

«ከአባት ለቅሶ ማን ይከለክላል?»

ጥሩወርቅ ፈራች። ዐይኗ በር በሩን ሲያይ እንባዋ ደረቀ፤ ባሏን እንኳ ማልቀስ አቃታት።

መሪጌታ ባሕረ ሐሳብ ሲያስተምሩ የሚያስፈሩ፣ ልጃቸውንም አንድ ቀን አቅፈው የማያውቁ ሰው ነበሩ። እሸቴ ልጅ ሳለ፣ ሙሉ ጨረቃ አንዳንዴ ገዝፋ አንዳንዴ አንሳ የምትታየው ለምን እንደሆነ ጠየቃቸው። መስኩ ላይ የታሰረችውን በቅሎ አሳዩት።

«ካስማው ያለው ደጃችን ላይ አይደለም፣ ፈንጠር ብሎ ነው። ስለዚህ ስትዞር አንዴ ትቀርበናለች፣ አንዴ ትርቀናለች። ጨረቃም እንዲሁ ናት። ስትርቅ ጠፋች አትበል፤ ገመዱን እወቅ።»

እሸቴ ጠላትን ሊወጋ ጉና የወጣ ለት ጥሩወርቅ ስታለቅስ፣ መሪጌታ ከመጽሐፋቸው ቀና አላሉም። «ራቀ እንጂ መች ሄደ» ብቻ አሉ። ያን ቀን ጠላቻቸው። ከዚያ ወዲህ ግን ሲመሽ ደጅ ወጥተው፣ ፊታቸውን ወደ ጉና አዙረው ይቆሙ ጀመር። ጨረቃ በሌለችበት ማታም ይቆማሉ።

ከሰዓት በኋላ የጉና ሰዎች ባናቸውን ተከናንበው እየጮኹ መጡ። ከመካከላቸው አንዱ ግራ ትከሻውን ዘንበል አድርጎ ይራመዳል። የመሪጌታ አካሄድ ነው። ሞላም ወደ በሩ አንገቱን አሰገገ።

ጥሩወርቅ ከሙሾ አውራጇ ቀድማ ተነሣችና ደረቷን መታች፦

ቀርባ ስትወጣ፣ ጅብ ያያል መንገዱን፣
ጨረቃዬ ራቂ፣ አውቃለሁ ገመዱን።

ዘንባላው ሰው በሩ ላይ ቀጥ አለ። መሬት እስኪነካ ጎንበስ አለ። ለቀስተኛው «በትምህርታቸው አለቀሰቻቸው!» እያለ አብሯት ጮኸ።

«ጨረቃዋ ማን ናት?» አለ ሞላ ንፍሮውን አስቀምጦ።

«ባሌ ናቸው። ሌላ ማን አለኝ?»

«ወንድ ልጅ ራቂ ይባላል?»

የሺ ቀበል አደረገች። «ጨረቃን ራቅ ይሏታል እንዴ? ምነው ሞላ፣ ጣሊያን ባገኘህ ማግስት አማርኛው ጠፋህ?»

ሴቶቹ በለቅሷቸው መሀል ሳቁ። ሞላ አፍሮ አቀረቀረ። ቀና ሲል ባና የለበሱት ሁሉ ገብተው ተቀምጠዋል፤ ትከሻው የዘመመ ግን ከመካከላቸው የለም።

ለቀስተኛው ሲበተን ጥሩወርቅ ወደ መስኩ ወረደች። በቅሎዋ ከወዲያኛው ዳር፣ ገመዷ እስኪወጠር ድረስ ርቃ ትግጣለች። ካስማው ላልቷል። ያን ጊዜ እንባዋ መጣ። ተንበርክካ ድንጋይ አነሣችና፣ እያለቀሰች ካስማውን መታ መታ አደረገችው።