መነሻ ደመወዝ፣ ከነትርጉሙ

1

አልተሳሳትኩም። ያደረግኩትን አውቄ ነው ያደረግኩት፤ ደግሞም ደስ ብሎኛል።

ስሜ ውድነሽ ነው። ኢንዱስትሪ ፓርኩ ውስጥ ካሉት የልብስ ፋብሪካዎች በአንዱ የሸሚዝ እጅጌ እሰፋለሁ። የሚከፈለኝን «መነሻ ደመወዝ» ይሉታል። ሰባት ዓመት ሙሉ ከመነሻው አልተነሳሁም። ጭማሪ በጠየቅኩ ቁጥር የሰው ኃይል ኃላፊው አቶ ደርበው «ውድነቱን ለስምሽ ተዪው» እያለ ይስቅብኛል።

(«አቶ» የምለው ለምዶብኝ ነው። አንቱታውን ግን እንደ ደመወዜ ቀንሼበታለሁ።)

2

ደመወዜ፣ በጤፍ፦

የተቀጠርኩ ዓመት — ሠላሳ አራት ኪሎ
በሦስተኛው — ሃያ አምስት
በአምስተኛው — ሃያ
ዘንድሮ — አሥራ ሦስት

በብር ከሆነ መነሻው ራሱ ከእጥፍ በላይ አድጓል። አቶ ደርበው ስብሰባ ላይ የሚያነብልን ይሄንን ነው። እኛም እናጨበጭባለን። ያጨበጨብኩበት እጅ ይቆረጥ!

4

ሦስት መሆን ነበረበት፣ አውቃለሁ። ጤፍና ዘይት፣ የቤት ኪራይም ሲዘሉ ማን ጠየቃቸው? የእኔም ቁጥር ይዝለል።

8

ዳንጊሴ አንድ ክፍል ተከራይተን አብረን የምንኖር፣ ሥራም ላይ ከጎኔ ትሰፋ የነበረች ጓደኛዬ ነች። መጀመሪያ ቁርስ ተውን። ቀጥሎ እራቱን ቀነስን። ባለፈው ወር ማሽኗ ላይ ተደፋች፤ መርፌው አውራ ጣቷን በስቶ ወጣ።

የተሰጣት ደብዳቤ፦

«ሠራተኛዋ ቁርስ ሳይበሉ ወደ ሥራ በመግባት የድርጅቱን የደኅንነት ደንብ ስለጣሱ ከዛሬ ጀምሮ ተሰናብተዋል።»

ፊርማ፦ ደርበው።

«እግዜር የእጁን ይስጠው» አለች ዳንጊሴ፣ በፋሻ የተጠቀለለ ጣቷን እያየች። እኔ ግን እግዜርን የምጠብቅበት ትዕግሥት አልነበረኝም።

16

ሸሚዛችንን የሚገዙት የውጭ ድርጅቶች ተቆጣጣሪ ልትመጣ ነው። ሠራተኛው ደመወዙ አይበቃኝም ካለ ሸሚዝ አንገዛም ብለዋል አሉ። የምትጠየቀው የቆየች ሠራተኛ ናት። እኔ።

ልምምዱ እንዲህ ነበር፦

ደርበው፦ ደመወዝሽ ይበቃሻል ወይ ስትልሽ ምን ትያለሽ?
እኔ፦ ይበቃኛል።
ደርበው፦ ፈገግ በይ እንጂ!
እኔ፦ ይበቃኛል።
ደርበው፦ ጎሽ። ብታበላሺው ግን ባጅሽን በር ላይ ነው የምታስረክቢው። የሚተካሽ ሞልቷል።

32

ከዚህ በኋላ ያለውን ቀስ ብላችሁ አንብቡት። አንድ ወር ሙሉ የቋጠርኩት ቂም ነው፤ በጥድፊያ አይበላም።

64

ጠረጴዛ ከማሽኖቹ ፊት ለፊት ተዘረጋ። ፈረንጇ ጠየቀች። አስተርጓሚዋ፣ ቀጠን ያለች የአዲስ አበባ ልጅ፣ ወደ አማርኛ መለሰችው።

«ደመወዝሽ ይበቃሻል?»

 

«በቃኝ።»

 

አቶ ደርበው ፈገግ አለ። አስተርጓሚዋ መልሴን ቅጹ ላይ ልትጽፍ እስክሪብቶዋን አነሳች፤ ፊቴን አየችና መልሳ አስቀመጠችው።

«የበቃሽ… ደመወዙ ነው?»

ባጄን ከአንገቴ አውልቄ ጠረጴዛው ላይ አኖርኩት። የዳንጊሴን ደብዳቤ ከላዩ ደረብኩበት።

«በቃኝ ነው ያልኩት!»

ከኋላዬ አንድ ማሽን ቆመ።

ሌላ።

ሌላ።

መስመሩ በሙሉ።

ሰባት ዓመት ስሠራ ያን ቀን ገና የዝናቡን ድምፅ ከቆርቆሮው ላይ ሰማሁት።

«ውድነሽ፣ እህቴ፣ እባክሽን ቁጭ በይ» አለኝ አቶ ደርበው። ግንባሩን በእጁ ይጠርጋል። እህቴ! ሰባት ዓመት ከአፉ ያልወጣ ቃል። እንዴት እንደጣፈጠኝ ብነግራችሁ ትታዘቡኛላችሁ።

ፈረንጇ ወደ አስተርጓሚዋ ዞረች። ምን አለች ማለቷ ነው፤ ይህን ለማወቅ እንግሊዝኛ አያስፈልግም።

አስተርጓሚዋ ደርበውን አየች። እኔን አየች። ደብዳቤውን አነበበች። ከዚያ ቅጹን ወደ ራሷ ስባ ጻፈች። ምን ብላ እንደጻፈች ለማወቅ ግን እንግሊዝኛ ያስፈልጋል።

128

የሠራተኛዋ መልስ፣ በትርጉም፦

 

______________________