የናሙና እጅ

ሕዝቅያስ ኮሌጁ ውስጥ ከመቀጠሩ በፊት ፒያሳ ውስጥ የፎቶኮፒ ማሽን እየፈታ ይገጥም ነበር። ዲፕሎማ የለውም። ፕላስቲክ እያቀለጠ በስሱ እየደራረበ ዕቃ የሚሠራው የእርዳታ ማሽን ስምንት ወር ሙሉ ከነካርቶኑ ሲቀመጥ፣ ዲፕሎማ ያላቸው ሁሉ «ቢበላሽ ማን ይጠየቃል?» ብለው ሸሹትና እሱ ተጠራ። በሦስት ቀን አስነሳው። በአራተኛው ቀን አለቃው አቶ ገብረየስ ሊጎበኙ መጡ፤ ፊሽካ ሠራላቸው። ነፉት፤ ተደሰቱ።

የኮሌጁ ጽዳት ሠራተኛ ሙሉጌጥ ግን ፊሽካ አልፈለገችም። ልጇን ኢያኤልን ይዛ መጣች። የሰባት ዓመት ልጅ ናት፤ የቀኝ እጇን አምስት ጣቶች የወፍጮ ቀበቶ ወስዶባታል፤ መዳፏ ተርፏል።

«ትምህርት ቤት ወስጃት ነበር» አለች ሙሉጌጥ። «በግራ የሚጽፍ አናስተምርም፣ በቀኟ እርሳስ ስትይዝ አምጫት አሉኝ።»

ሕዝቅያስ ንድፉን ኢንተርኔት ላይ አገኘው። የሠሩት ሰዎች ማንም ይውሰደው ብለው በነጻ ለቀውታል። ያልተለቀቀው ፕላስቲኩ ነው። ዕቃ ግምጃ ቤት አንድ ቢጫ ጥቅል ብቻ አለ።

«ለምን ሥራ?» አለችው የግምጃ ቤቷ ወርቅነሽ።

«ለልጅ እጅ።»

«እጅ የሚል ነገር ዝርዝሬ ውስጥ የለም። ለናሙና ብለህ ጻፍ፣ ያልፍልሃል።»

ለናሙና ብሎ ጻፈ፤ ፈረመ። ሲወጣ መዝገቡን ያታለለ መስሎት እየሳቀ ነበር።

እጁ አማረ። ልጅቷ አንጓዋን ስታጥፍ ጣቶቹ ይጨበጣሉ፤ ጅማታቸው ሐይቁ ዳር ካሉት የአሞራ ገደል ዓሣ አጥማጆች የተገዛ የመንጠቆ ክር ነው። የመጀመሪያ ቀን እርሳሱ ከእጇ እየወደቀ አስለቀሳት። በሁለተኛው ሳምንት የስሟን የመጀመሪያ ፊደል ጻፈች፤ ትንሽ ወደ ጎን ጋደል ያለ «ኢ»።

«ጋሼ፣ አድርጌው ልተኛ?»

«ላብ ያቆስልሻል። ቀን ቀን ብቻ።»

መስከረም ሊጠባ ሲል ጉዱማሌ ሜዳ ላይ ድንኳን ተጥሎ የቴክኖሎጂ ኤግዚቢሽን ተከፈተ። ኢያኤል በቢጫው እጇ መቀሱን ጨብጣ ለክብር እንግዳው አቀበለች፤ ሪባኑ ተቆረጠ። ድንኳኑ በጭብጨባ ተናጋ።

«ስታድጊ ምን ትሆኛለሽ?» አሏት እንግዳው፣ ካሜራው እየቀረጸ።

«አንደኛ ክፍል።»

ሰው ሁሉ ሳቀ።

እንግዶቹ ወደ ምሳ ሲሄዱ አቶ ገብረየስ ወደ ሕዝቅያስ ጠጋ አሉ። «ፍታላት።»

«ምኑን?»

«እጁን። ወርቅነሽ የንብረት ገቢ ደረሰኝ ቆርጣለች። ናሙና ነው፤ ጽፈህ የፈረምከው አንተ ነህ።»

«አቶ ገብረየስ፣ ሰኞ ትምህርት ቤት ትመዘገባለች እኮ።»

«ትመዝገብ! ማን ከለከላት?»

«ያለ እጅ?»

«እስከ ዛሬ በምን ኖረች?»

«እንግዲያው ሌላ ልሥራላት።»

«ጥቅሉ አልቋል። ለሚቀጥለው በጀት ጠይቅ።»

ሙሉጌጥ «ጌታዬ…» አለችና ሳትጨርስ ተወችው። የጽዳት ኮንትራቷ በየስድስት ወሩ የሚታደሰው በአቶ ገብረየስ ፊርማ ነው።

ሕዝቅያስ ተንበረከከ። ኢያኤል ክንዷን ራሷ ዘረጋችለት።

«ላቡን ልትጠርግልኝ ነው ጋሼ?»

«አዎ» አለና ማሰሪያውን ፈታ።

ወርቅነሽ አውራ ጣቱ ላይ በቀይ ቀለም የንብረት ቁጥር ጻፈችበት። እጁ አቶ ገብረየስ ቢሮ ካለው የመስታወት ቁም ሣጥን ገባ፤ እንግዳ በመጣ ቁጥር ይታያል። መስታወቱን ጠዋት ጠዋት የምትወለውለው ሙሉጌጥ ናት። እድፍ አይታይበትም።

ዓመቱ ዞረ። ኤግዚቢሽኑም ዞሮ መጣ። በዋዜማው ኢያኤል ከቤት ተጠራች፤ ጸጉሯ ተሠርቶ፣ አዲስ ቀሚስ ለብሳ መጣች። ሕዝቅያስ እጁን ሊያጠልቅላት ሞከረ። ገፋ፤ አልገባም። በቅባት ሞከረ። መዳፏ ተላጠ። ልጅቷ ግን ከንፈሯን ነክሳ «ግፋው ጋሼ፣ ይገባል» ትላለች።

«ምን ሆነ? ተበላሸ እንዴ?» አሉ አቶ ገብረየስ።

«እጁ ደህና ነው። ልጅቷ አድጋለች።»

አቶ ገብረየስ ልጅቷን የመንግሥት ንብረት እንደሰበረ ሰው አዩዋት። «ዛሬ ማደግ ነበረባት? ነገ ሦስት ሰዓት ላይ ቴሌቪዥን ይመጣል። ሌላ አትሠራም?»

«በምን? ዘንድሮ የመጣው ሦስት ጥቅል ለእንግዶች ቁልፍ መያዣ ሆኖ አለቀ።» ቁልፍ መያዣዎቹን የሠራው ራሱ ነው። አምስት መቶ ናቸው፤ የኮሌጁ ስም አለባቸው።

«እንግዲያው የሚበቃው ልጅ ፈልግ።»

«ጣት የሌለው?»

«ጣት ያለው ምን ያደርግልናል? ደግሞ ቀኝ መሆኑን እንዳትረሳ።»

ሕዝቅያስ መለኪያ ሜትሩን ኪሱ ከትቶ ወጣ። በረንዳው ላይ ኢያኤል ተከትላ ደረሰችበት፤ የተላጠ መዳፏን ትልሳለች።

«ጋሼ፣ ወፍጮ ቤቱ ጋ አንዲት አለች። እኔን ያገኘኝ ቀበቶ ነው ያገኛት። ቀኟን ነው።»

ሕዝቅያስ ቆመ።

«ስንት ዓመቷ ነው?» አለ።