የጀይላን ኮሪያኛ

«ሙሴ ሃጎፕ፣ ውጣ! ለምስክርነት ትፈለጋለህ!»

አርመኑ ሹፌር ከጭነት መኪናው ሥር ተንጋሎ ብሎን እያጠበቀ ነበር። ከአዲስ አበባ ደሴ ሲመላለስ ከሚሴ ሳያርፍ አያልፍም፤ ከተማው ሁሉ ያውቀዋል። ከተጋደመበት ሆኖ የሚታየው ግን ሁለት ጫማ ብቻ ነው። ጫማዎቹ የጨርቅ ነጋዴው የአብዱሰላም ናቸው።

«ማንን ገደልኩ?» አለ ሃጎፕ ከሥር።

«አንተስ ማንንም አልገደልክም። አንድ ቀጣፊ ግን በቋንቋህ ሚስት ሊያገባ ነው።»

«በአርመንኛ?» ሃጎፕ ግንባሩን ከብረቱ ጋር አጋጭቶ ወጣ። አዲስ አበባ ተወልዶ ያደገ፣ አማርኛው የማይደናቀፍ ሰው ነው። አርመንኛ ሚስት ሲያስገኝ ግን አይቶ አያውቅም፤ እሱ ራሱ ገና ወንደላጤ ነበር። እጁን በጨርቅ እየጠራረገ በደስታ ተከተለው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጀይላን ከቃኘው ሻለቃ ጋር ኮሪያ ዘምቶ ከተመለሰ ወዲህ አንድ አመል አምጥቷል፤ ወፍጮ ቤት ተቀጥሮ እህል እየፈጨ ለመጣ ለሄደው ሁሉ ኮሪያኛ ያሰማል። ሰውም ይስቅለታል፣ ይወደዋል። እሱ ደግሞ የኑርሁሴንን ልጅ ዘሊካን ወደደ። መውደድ ብቻም አይደለም፤ ስሟ በተጠራ ቁጥር የሚፈጨውን ጤፍ ከማሽላ እስከመቀላቀል ደርሷል። ሽማግሌ ላከ። ኑርሁሴን በሰንበቴ ከተማ የከብት ገበያ የታወቁ ደላላ ናቸው፤ ልጁን ወደውት ነበር። ነገሩ ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው አጎቷ አብዱሰላም ጣልቃ ገባ።

«ይህ ልጅ ሳይዘምት በፊት ደሴ የአርመን ጋራዥ መኪና ያጥብ ነበር» አለ። «ኮሪያኛ የሚለው እዚያ የለቃቀመው አርመንኛ ነው። ኮሪያንም አላያትም፤ ከጅቡቲ ነው የተመለሰው።»

ጀይላን ሜዳሊያውን ቢያሳየው፣ «ሜዳሊያማ ገበያ ይሸጣል» አለው። ጋራዥ መሥራቱ ደግሞ እውነት ስለሆነ ሊክድ አልቻለም። ኑርሁሴንም ቁርጣቸውን ተናገሩ፤ «ልጄን ለድሃ እሰጣለሁ፣ ለቀጣፊ አልሰጥም።» ሁለቱ ቋንቋዎች ጎን ለጎን ቆመው እንዲታዩ የተወሰነው በዚህ ምክንያት ነው።

ሃጎፕ ኑርሁሴን ቤት ሲገባ ሽማግሌዎቹ ግድግዳውን ተደግፈው ብርዝ ይጠጣሉ። ጀይላን መሀል ላይ ተቀምጧል፤ ተኩስ ያላስደነገጠው ሰው ላብ አጥምቆታል። ከመጋረጃው ጀርባ ዘሊካና እናቷ እንዳሉ ሁሉም ያውቃል፤ ሁሉም እንዳላወቀ ሆኗል።

«ቢስሚላህ» አሉ ኑርሁሴን። «እኔ እጠራለሁ፣ እናንተ በየቋንቋችሁ ትመልሳላችሁ። ውሃ!»

«ሙል» አለ ጀይላን።

«ቹር» አለ ሃጎፕ።

«ላም!»

«ሶ።»

«ጎቭ።»

«እናት!»

«ኦሞኒ።»

«ማይሪግ» አለ ሃጎፕ፣ ድምፁ ትንሽ ለስለስ ብሎ።

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። የአንዱ ቃል ከሌላው ቃል ጋር ዝምድና ያለው አይመስልም። ኑርሁሴን ጢማቸውን እያሻሹ ቀጠሉ።

«ፈረስ!»

«ጺ» አለ ሃጎፕ።

«ማል» አለ ጀይላን።

ኑርሁሴን ጮክ አሉ፤ «ፈረስ ነው የምልህ!»

«ማል።»

«ጆሮህን ምን ነካው? ፈረስ፣ ፈረስ! የሚጋለበው!»

«እኔም ማል ነው የምለው፣ አባዬ!»

«እኮ! ‹ምን› እያልክ ትጠይቀኛለህ፣ እኔም ፈረስ እልሃለሁ!»

በኦሮምኛ «ማል» ማለት «ምን» መሆኑን ከሚሴ ውስጥ የማያውቅ የለም። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ጀይላን ግን በአላህ ስም እየማለ፣ ፈረስ በኮሪያኛ በእርግጥ ማል መሆኑን፣ ከነሱ ጋር ጥይትና ስንቅ ተሸክመው ተራራ ከሚወጡት ኮሪያውያን እንደተማረው አስረዳ።

አብዱሰላም አልሳቀም። «ድምፅማ ማንም ያወጣል። አሁን ፈጥሮ ያለውን አሁኑኑ ደግማችሁ ብትጠይቁት ይጠፋዋል። ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል።»

«እውነትና ንጋትም እያደር ይጠራል» አሉ ኑርሁሴን። ከዚያ ቃላቱን እያዘበራረቁ ይወረውሩበት ጀመር፤ እናት፣ ፈረስ፣ ውሃ፣ ላም፣ እንደገና ፈረስ። ጀይላን አንዱንም ሳይስት መለሰ። በገበያ የበሬ ዕድሜ ሁለቴ እየጠየቁ ሻጭ ማጋለጥ የለመዱት ሰውዬ ደስ እያላቸው መጡ።

«እስቲ ውሃ ለምኑኝ» አሉ።

«ሙል ጁሴዮ» አለ ጀይላን። «ውሃ ስጡኝ ማለት ነው።»

«ቹር ጉዜም» አለ ሃጎፕ። «ውሃ እፈልጋለሁ እንደማለት።»

«አጃኢብ! ሁለቱም ውሃውን ያስቀድማሉ?»

«አዎ» አሉ ሁለቱም በአንድ ድምፅ።

«እኛም ‹ውሃ ስጡኝ› ነው። በኦሮምኛም ‹ቢሻን ና ኬኒ›፣ ውሃው ፊት ነው። ሱብሃነላህ! የተጠማ ሰው በየአገሩ አንድ ነው ለካ።»

«ይኸው ዘመዳሞች ናቸው!» አብዱሰላም ጉልበቱን መታ። «የቃሉን አሰላለፍ ከአርመኑ ወስዶ ቃሉን ለወጠው!»

«እንዲያ ከሆነማ እናንተም አርመን ናችሁ» አለ ሃጎፕ። «እንኳን ደህና መጣህ፣ ያጎቴ ልጅ።»

ሽማግሌዎቹ ብርዙ ትን እስኪላቸው ሳቁ። አብዱሰላም ግን በዋዛ የሚመለስ አልነበረም። ጀይላን ፊት ተንበርክኮ ዓይኑን ዓይኑን አየው።

«ወላሂ እውነቷን አሁን ታወጣታለህ። ውሸታሙ አንተ ነህ? ሳታስብ በኮሪያኛ መልስልኝ!»

«አኒ!» አለ ጀይላን።

ሳቁ ቆመ። «አኒ» በኦሮምኛ «እኔ» ማለት ነው።

«ሰማችሁ ያ ጀማዓ!» አብዱሰላም ብድግ አለ። «ውሸታሙ አንተ ነህ ብለው፣ እኔ አለ! በገዛ አፉ!»

«አይደለም! አኒ ማለት በነሱ ‹አይደለም› ማለት ነው!» ጀይላን ሽማግሌዎቹን አንድ በአንድ እያየ ለመነ። «ወላሂ አይደለም ማለት ነው! ሙሴ፣ አንተ ንገራቸው!»

«እኔ ኮሪያኛ ከየት አባቴ አውቄ?» አለ ሃጎፕ እያዘነለት። «በእኛ ‹ቮች› ነው። አርመንኛ እንዳልሆነ ግን በእናቴ እምላለሁ።»

ጀይላን አንገቱን ደፋ። ዘሊካ በአንዲት ቃል ከእጁ ስትወጣ ታየችው። ይህን ያህል ባሕር ተሻግሮ የተመለሰ ሰው ከሚሴ ላይ በአንድ «አይደለም» መስጠሙ ራሱን አስገረመው፤ ልቡም አዘነ።

ኑርሁሴን ብርዛቸውን አስቀመጡ። ከዚያ ትከሻቸው ይንቀጠቀጥ ጀመር። ሰው የሚያለቅሱ መስሎት ነበር፤ እሳቸው ግን ይስቃሉ።

«አብዱሰላምዋ፣ ተቀመጥ» አሉ እንባቸውን እየጠረጉ። «ዕድሜዬን በሬ ሳሻሽጥ ኖርኩ። አጭበርባሪ ሻጭ የበሬውን ነውር ይሸፍናል እንጂ የሌለ ነውር አይጨምርለትም። ይህ ልጅ ቋንቋ የሚፈጥር ቢሆን ኖሮ፣ ከሚሴ ተቀምጦ፣ ኦሮምኛ እየተናገረ፣ ‹አይደለም› ለማለት ‹አኒ›ን ይመርጥ ነበር? ፈረስን ‹ማል› ብሎ እኔን ያስጮኸኝ ነበር? ቀጣፊ ለራሱ የሚመች ቃል አያጣም። ለተናጋሪው ይህን ያህል ጣጣ ያለው ቋንቋ አላህ የፈጠረው ብቻ ነው።»

«ሐቅ ነው!» አሉ ሽማግሌዎቹ።

አብዱሰላም ቆሞ አሰበበት። ግትር እንጂ ክፉ ሰው አይደለም። ሄዶ ከጀይላን አጠገብ ተቀመጠና በክርኑ ጎሰም አደረገው።

«‹አውፍ በለኝ፣ ይቅር በለኝ› በኮሪያኛ እንዴት ነው?»

«እሱን አልተማርኩም፣ አጎቴ።»

«ይኸው! የማያውቀውን አላውቅም ይላል» አለ አብዱሰላም ለሽማግሌዎቹ፣ ልጁን ያገኘው እሱ ራሱ ይመስል።

ሃጎፕ የመኪናው ጥገና አላለቀለትም፤ ደሴ የሚጠብቁት ሰዎችም አሉ። ቢሆንም ጫማውን ዳር አድርጎ እግሩን አጣጥፎ ተመቻቸ። እንዲህ ያለውን ነገር ሳይጨርስ የሚሄድ ሰው ቂል ነው።

ኑርሁሴን ለዱዓ እጃቸውን ከመዘርጋታቸው በፊት ወደ መጋረጃው ዞሩ። በደንቡ ልጅቷ ትጠየቃለች፤ ካፈረችና ዝም ካለች ዝምታዋ እሺታ ነው። ከቤተሰቡ ሴቶች አፍ አውጥታ የመለሰች እስከዛሬ የለችም።

«ዘሊካ፣ ልጄ፣ ሰምተሻል። ምን ትያለሽ?»

ዝም አለች። ሽማግሌዎቹ ረክተው እጃቸውን ዘረጉ። ኑርሁሴንም ዱዓውን ሊጀምሩ ከንፈራቸውን አላቀቁ።

«ቆይ አባዬ!» አለች ከመጋረጃው ጀርባ። ድምፅዋ ሳቅ ሳቅ ይለዋል። «ዛሬ ስንቱ ቃል በተጣመመበት ቤት ዝምታዬን ማን በምን ቋንቋ እንደሚፈታው አላውቅም። በአፌ ልበለው። ቶሌ! እሺ! አገባዋለሁ!»