የተዘለለው ቤት ቁጥር ሃያ

የልብስ ሰፊዋ ሱቅ በር ላይ ቀይ የኤክስ ምልክት የቀባው ቀያሽ መርዶውን የነገራት ብሩሹን እንኳ ሳያጥብ ነበር። «መንገዱ ሊሰፋ ስለሆነ ቤቱ ይፈርሳል። ማስታወቂያው ኢንተርኔት ላይ ከወጣ ወር ሞላው እኮ! ተቃውሞ ካለሽ የመጨረሻው ቀን ዛሬ ነው።»

ሴትዮዋ መቀሷን እንደያዘች ወደ ታላቅ ወንድሟ ሮጠች። ወንድሟ ጡረታ እስኪወጡ የጋዜጣ አራሚ ነበሩ፤ ሰፈርተኛው «ጋሽ አራት ነጥብ» ይላቸዋል። ሠላሳ ዓመት ሙሉ የማዘጋጃ ቤቱን የማስታወቂያ ገጽ ከታች ወደ ላይ ሲያነቡ ኖረዋል። ከላይ የሚጀምር ሰው ሐሳቡ ይዞት ይነጉድና ስህተቱን ያልፈዋል ባይ ናቸው። አምና ማዘጋጃ ቤቱ ጋዜጣውን ትቶ ማስታወቂያውን ወደ ኢንተርኔት ሲያዞር ግን አኩርፈው አንድ ቀን እንኳ ከፍተው አላዩትም። አሁን ኩርፊያቸው የእህታቸውን ሱቅ ሊያሳጣ መሆኑ አንገበገባቸው።

«ጋሼ፣ ማሽኖቹን ልጠቅልል እንዴ?» አለች።

«አንዲት መርፌ እንዳትነኪ!» ብለው ኮታቸውን አጠለቁ።

የማዘጋጃ ቤቱ የማስታወቂያ ክፍል ሠራተኛ ገና ወጣት ናት። «አባባ፣ ሕጋዊ ነው፤ ድረ ገጹ ላይ ወጥቷል» አለቻቸው።

«እስቲ አሳዪኝ ልጄ።»

ስክሪኑን አዞረችላቸው። ጣታቸውን ከገጹ ግርጌ አሳርፈው በመንገዱ አንድ ወገን የሚፈርሱትን ቤቶች ቁጥር እየተከተሉ ሽቅብ ወጡ። ሃያ ስድስት። ሃያ አራት። ሃያ ሁለት። አሥራ ስምንት። ጣታቸው ቆመ።

«የእህቴ ቤት ሃያ ነው። ሃያ የታለ?»

ልጅቷ ጠጋ ብላ አየች። ዝርዝሩን ከቀያሾቹ ወረቀት ስትገለብጥ አንድ መስመር ዘልላ ኖሯል። «ውይ፣ ቸኩዬ ነው! ቀላል ነው አባባ፣ አሁኑኑ አስገባዋለሁ» ብላ እጇን ወደ ኪቦርዱ ሰደደች።

የጋሽ አራት ነጥብ ደም ፈላ። ጋዜጣ ቢሆን ስህተቱ በሺህ ሰው እጅ እንዳለ ይቀራል፤ ማረሚያ ይወጣለታል፤ ቀኑም ከማረሚያው ጀምሮ እንደ አዲስ ይቆጠራል። እዚህ ግን ልጅቷ አንዴ ከተጫነች ቤት ቁጥር ሃያ ከወር በፊት የተነገረው ሆኖ ቁጭ ሊል ነው።

«እጅሽን አንሺ!» ሲሉ ኮሪደሩ ላይ የቆመው ባለጉዳይ ሁሉ ዞረ። «መጀመሪያ እንዳለ አትሚልኝ። የዛሬን ቀን ጻፊበት፤ ማህተም አድርጊበት። ከዚያ ማረሚያ አውጪ።»

«አባባ፣ እኔን እኮ ያስጠይቀኛል…»

«እኔም ተጠይቄ አውቃለሁ። አንድ ቁጥር አምልጦኝ በማግስቱ ማረሚያ ወጣበት፤ አፈርኩ እንጂ አልሞትኩም። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች ነው፤ አንቺም ልቀሚ እንጂ አትደብቂው።» ወንበር ስበው ተቀመጡ። «እስክትዘጉ እጠብቃለሁ።»

ልጅቷ ማስገባቱን ትታ የማተሚያውን ቁልፍ ተጫነች። ከዚያ ማተሚያው መንጫጫት ጀመረ።

ከሰዓት በኋላ ጋሽ አራት ነጥብ ማህተም ያረፈበትን ማረሚያ ቀዩ ምልክት ላይ ለጠፉት፦ ቤት ቁጥር ሃያ፣ ተቃውሞ ከዛሬ ጀምሮ እስከ ሠላሳ ቀን። እህታቸው ምክራቸውን ሳትሰማ አንዱን ማሽን ጠቅልላ ነበር።

«ሠላሳ ቀን ምን ይሠራልናል ጋሼ?»

«እንከራከርበታለን። ተቃውሞሽን ዛሬውኑ ጻፊ፤ እኔ አርመዋለሁ።» ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «እስከዚያ ያንን ድረ ገጽ በስልክሽ ክፈችልኝ። ሌላ የተዘለለ ጎረቤት እንዳለ ልይ።»

እህታቸው ስልኩን ሰጠቻቸውና የጠቀለለችውን ማሽን መልሳ መፍታት ጀመረች።